ሚኒ ሚዲያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ሚኒ ሚዲያ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ራሳቸው አሰናድተው በድምፅ ማጉያ ለግቢው የሚያሰሙት ዝግጅት፣ ይህን የሚሠራው ክበብም መጠሪያ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አምፕሊፋየር፣ አንድ ሁለት ማይክ፣ ሙዚቃ የሚያጫውት ቴፕ ወይም ኮምፒውተር፣ በሕንፃዎቹ ጥግ የተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ካሉ ሥራው ይጀመራል። ለወላጆች በዓል ደግሞ ሞንታርቦው ወደ ሜዳ ይወጣል። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ መከላከል ዘመቻ ሲጠናከር ፀረ ኤድስ ክበባት መልእክታቸውን የሚያደርሱት በዚሁ በኩል ስለነበር፣ ከረድኤት ድርጅቶች ዕቃ ያገኙ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አልነበሩም።

ዝግጅቱ የሚተላለፈው ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጋር ወይም በእረፍት ሰዓት ነው። ዜና፣ ግጥም፣ ጭውውት፣ ጥያቄና መልስ፣ በመካከሉም ዘፈን ይኖራል። ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን፣ የካቲት 23 የዓድዋ ድል፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲደርሱ ክበቡ ሥራ ይበዛበታል። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥባቸው ቦታዎች የጠዋቱም የከሰዓቱም ፈረቃ የየራሱ አቅራቢዎች አሉት።

ለተማሪው የሚሰጠውን ጥቅም ለመረዳት የትምህርቱን ቋንቋ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ቋንቋው ይዞት ነው። ሚኒ ሚዲያ ክፍል ሲገባ ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ በአካባቢው ቋንቋ አሳምሮ ይናገራል። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የምትባል ልጅ በግቢው ሁሉ ፊት የምትሰማበት ቦታ ይህ ነው፤ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን እንደ አዲስ የሚያውቁበት አጋጣሚ ይሆናል።

የመሪነት ትምህርቱ ያለው ግን ከማይኩ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል አርታኢ የጓደኛውን ግጥም አንብቦ «ሁለተኛው ስንኝ ቤት አይመታም፤ አስተካክለህ ለሐሙስ አምጣው» ማለት አለበት። ጓደኛው ይቀየማል። አርታኢው ወዳጅነቱን ሳያጣ ውሳኔውን የሚያጸናበትን አነጋገር መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ይህን የሚያስተምር መማሪያ መጽሐፍ የለም። ዜና አቅራቢዋ በበኩሏ በኳስ ጨዋታው ያሸነፈው የትኛው ክፍል እንደሆነ በወሬ ሳይሆን ውጤቱን ከመዘገበው ሰው ጠይቃ ታረጋግጣለች፤ ብትሳሳት ከደቂቃዎች በኋላ ተሸናፊ የተባሉት በር ላይ ይቆማሉና። መብራት ሲጠፋም የዕለቱ ተረኛ ዝግጅቱን ለነገ ያስተላልፍ ወይስ ሰልፉ ፊት ቆሞ በጉሮሮው ያንብብ፣ ያለ መምህር ይወስናል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚታወቁ በርካታ ጋዜጠኞችና ተዋንያን ጅማሯቸውን ሲጠየቁ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያን የሚያነሡት እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ ስላለፉ ነው።

ሁሉም ክበብ ግን እንዲህ አይሠራም። ማይኩ የደንብ ልብስ ማሳሰቢያና የወላጅ ጥሪ ማንበቢያ ብቻ በሆነበት ትምህርት ቤት ተማሪው ድምፁን ከማዋስ ያለፈ የሚማረው ነገር የለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ተጠሪ መምህሩ ነው። ጽሑፉን አስቀድሞ አይቶ፣ ስድብና ያልተረጋገጠ ነገር እንዳይኖርበት አሳስቦ፣ ምርጫውን ለልጆቹ የሚተው መምህር ያለው ክበብ ያድጋል። እያንዳንዱን መስመር ራሱ የሚጽፍላቸው መምህር፣ ልቡ ቅን ቢሆንም፣ ዋናውን ነገር ይወስድባቸዋል።

ከባዱ ጉዳይ መተካካት ነው። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋና ቴክኒሽያኑ ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ክፍል ናቸው፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት ይጠራቸዋል። የትኛው ኬብል ከየትኛው መሰኪያ እንደሚገባ፣ የዕቃው ቁልፍ በማን እጅ እንደሚያድር፣ አዲስ አቅራቢ እንዴት እንደሚመለመል የሚያውቁት እነሱ ብቻ ከሆኑ ክበቡ በመስከረም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የበረቱ ክበባት የ9ኛ ክፍል ጀማሪዎችን ከየቡድኑ ጋር መድበው ዓመቱን ሙሉ ያሠራሉ፤ በሰኔ ዕቃው በዝርዝር ተቆጥሮ ሲፈረም ተረካቢዎቹ ሥራውን አስቀድመው ለምደውታል።