የሕክምና ተልዕኮ ምንድን ነው?

ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች ሕክምና እንደልብ ወደማይገኝበት አገር ተጉዘው ለተወሰነ ጊዜ በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ ሥራው የሕክምና ተልዕኮ ይባላል። አንዳንዴ ጦርነት፣ ወረርሽኝ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ይጠራቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ለዓመታት ቀዶ ሕክምና ሲጠብቁ የኖሩ ሕሙማን።

«በጎ ፈቃድ» ስለተባለ ሁሉም በነፃ ይሠራል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለሚልካቸው ባለሙያዎች መጠነኛ ደመወዝ ይከፍላል። የመጀመሪያው ስምሪትም ብዙውን ጊዜ ወራት ይፈጃል። በመርከብ ላይ በተሠራ ሆስፒታል የሚያክመው መርሲ ሺፕስ የተባለ ድርጅት ግን ሌላ ነው። እዚያ በጎ ፈቃደኞቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ እንደ ጉዞ ያለውን ወጪም ራሳቸው ይሸፍናሉ።

ሐኪም መሆንም ግድ አይደለም። ጄኔሬተር የሚጠግን፣ ውኃ የሚያጣራ፣ መድኃኒት የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ አይከፈትም።

እኔን ሁሌ የሚያሳስበኝ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽን እንውሰድ። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። የለመደ እጅ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ሰውየው የልጆቹን ፊት ያያል። ደስ የሚል ቀን ነው፤ ፎቶውም የሚነሳው ያኔ ነው። ዓይኑ ግን ገና ለሳምንታት ጠብታ ይፈልጋል። ኢንፌክሽን ከገባበት ደግሞ ቶሎ መታከም አለበት፣ አለዚያ የበራው ዓይን ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። ቡድኑ ያን ጊዜ አገሩ ገብቷል። ሰውየው ማን ጋ ይሂድ?

መሄድ ያለበት እዚያው አገር ያለ ሐኪም ጋ ነው። ያ ሐኪም ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ አብሮ መቆም፣ ምን እንደተሠራም ማወቅ ነበረበት። የአገሩን ባለሙያ ዳር አቁሞ የሚሠራ ተልዕኮ፣ ስንት ሰው ቢያክም፣ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

ጥሩ ልብ ብቻውን እንደማይበቃ እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ ላይ ታይቷል። ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ብዙ የውጭ ቡድኖች ያለ በቂ ቅንጅት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ዝቅተኛ መስፈርት አወጣ። ቡድኑ ምግቡን፣ ውኃውንና መጠለያውን ራሱ መቻል አለበት፤ የተጎዳ ሕዝብ እንግዳ አይቀልብም። ባለሙያውም ለሚሠራው ሥራ በአገሩ ፈቃድ ያለው መሆን ይጠበቅበታል። አገሩ ላይ ቀዶ ሕክምና እንዲሠራ ያልተፈቀደለት ተማሪ፣ ባሕር ስለተሻገረ ብቻ ቢላ ሊጨብጥ አይገባም። ታካሚው ድሃ ስለሆነ አካሉ መለማመጃ አይሆንም።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ላኪውን ድርጅት ጠይቁ። የታካሚዎቹ ካርድ ከእኛ በኋላ ማን እጅ ላይ ይቀራል? በየትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ሐኪም? መልስ ከሌለው ሌላ ድርጅት ፈልጉ።