ጂኦካሺንግ፦ የማይተዋወቁ ሰዎች ድብብቆሽ፣ ደንቡና ወጉ

ጂኦካሺንግ አንዱ የደበቀውን ሌላው በጂፒኤስ መሣሪያ ወይም በስማርትፎን እየተመራ የሚፈልግበት የደጅ ጨዋታ ነው። የሚደበቀው መያዣ ካሽ ይባላል። ከጣት ጫፍ የማትበልጥ፣ ማግኔት ያላት ብልቃጥ ልትሆን ትችላለች፤ የምሳ ዕቃ፣ የጥይት ሳጥን ወይም ባልዲም ይሆናል። መጠኑ ምንም ይሁን ምን ውስጡ የፈላጊዎች ስም የሚሰፍርበት ወረቀት አይጠፋም። ደባቂው የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ያወጣል። ፈላጊው ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ መያዣውን ያገኛል፣ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ እንደነበረ አድርጎ መልሶ ይሸሽገዋል። ከዚያም የገጠመውን በካሹ ገጽ ላይ ጽፎ ለደባቂውና ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ያካፍላል። በዓለም ላይ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ካሾች ተደብቀው ፈላጊ ይጠብቃሉ፤ አንታርክቲካ እንኳ አልቀረባትም።

ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ተደባቂውም ፈላጊውም እዚያው ናቸው፤ ያጭበረበረ ወዲያው ይጮኽበታል። እዚህ ግን ደባቂው ከደበቀ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ፈላጊውም ፊቱን አይቶት አያውቅም። ዳኛ የለም። ካሹን ያገኘ ሰው በኪሱ ከትቶት ቢሄድ የሚያስቆመው የለም። ጨዋታው የቆመው በአደራ ነው። ደንቦቹን አንድ በአንድ ላየ ደግሞ፣ አብዛኞቹ አንድ ቦታ አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ የመጡ መሆናቸው ይገባዋል።

አጀማመሩ ቀኑ የታወቀ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር፣ መሣሪያው አንድን ቦታ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊስት ይችል ነበር። በዚህ ስህተት መርከብ መምራት ይቻል ይሆናል እንጂ ቁጥቋጦ ሥር ያለ ቆርቆሮ መፈለግ አይታሰብም። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ከግንቦት 1 ለ2 አጥቢያ ቆመ። ግንቦት 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና መገኛውን ለጂፒኤስ አፍቃሪዎች አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ መዝገብ፣ እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ ቪዲዮ፣ ወንጭፍና አንድ ጣሳ ባቄላ ነበረ። ደንቡም አጭር ነበር፦ ካገኛችሁ አንድ ነገር ውሰዱ፣ አንድ ነገር ተዉ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። ከእነሱ አንዱ፣ ማይክ ቲግ፣ በየቦታው የሚደበቁትን መያዣዎች ዝርዝር መሰብሰብ ጀመረ። በዚያው ወር መጨረሻ ማት ስተም ጨዋታውን ጂኦካሺንግ አለው። መስከረም 2 ቀን ደግሞ ጄረሚ አይሪሽ 75 ካሾች የተመዘገቡበትን ድረ ገጽ ከፈተ። ከዚያ ያደገው ኩባንያ መቀመጫው ሲያትል ሲሆን ዛሬም ትልቁን የካሾች መዝገብ ይይዛል።

ሐሳቡ ራሱ ግን ከሳተላይት ይቀድማል። በ1854 በእንግሊዝ የዳርትሙር ምድረ በዳ መንገድ መሪ የነበረው ጄምስ ፔሮት ክራንሚር ፑል በተባለ ሩቅ ስፍራ እንግዶች ስማቸውን ትተው የሚሄዱበት ጠርሙስ አኑሮ ነበር። ሌተርቦክሲንግ የሚባለው የእግረኞች ጨዋታ ከዚያ የመነጨ ነው፤ ዛሬም በማኅተምና በደብተር ይጫወቱታል።

የኡልመርን ባልዲ ዛሬ ማንም ሊያስመዘግብ ቢሞክር አይቀበሉትም። ባልዲው በከፊል ተቀብሮ ነበር፤ አሁን ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ ቆፍሮ መደበቅ ክልክል ነው። ምግብ ነበረበት፤ ምግብ አውሬና ጉንዳን ይጠራል፣ መያዣውም ይነከሳል፤ ስለዚህ እሱም ክልክል ነው። አዲስ ካሽ ከመታየቱ በፊት በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚዎች ካርታውን ያያሉ። በሁለት ካሾች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር፣ ማለትም የማይል አንድ አሥረኛ፣ መኖር አለበት፤ አለዚያ ፈላጊው የአንዱን መዝገብ ለሌላው ይፈርማል፣ ሰፈሩም በመያዣ ይጥለቀለቃል። ትምህርት ቤት፣ የባቡር ሐዲድና የጦር ተቋም አጠገብ መደበቅም አይፈቀድም። ገምጋሚው ግን ቦታው ድረስ ሄዶ አያይም። የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ የደባቂው ፈንታ ነው፤ ከደንቦቹ ሁሉ በብዛት የሚዘለለውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ቸልታ የሚያስከፍለውን ለማየት በ2011 የእንግሊዟ ዌዘርቢ ከተማ የገጠማት በቂ ነው። አንድ ካፌ ደጃፍ የተቀመጠ ካሽ ቦምብ መስሎ ታየና ፖሊስ አካባቢውን ዘጋ፤ ባለሙያዎችም መያዣውን በጥንቃቄ አፈነዱት። ውስጡ የነበረው የተለመደው ወረቀት ነው። መያዣው ላይ የጨዋታው ስም በግልጽ ይጻፍ፣ ሽቦና ቧንቧ የሚመስል ነገር አይሁን፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ከመደበቅ በፊት ሁለቴ ይታሰብ የሚለው ምክር የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም።

ካሽ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ባህላዊ የሚባለው በተሰጠው ነጥብ ላይ ይገኛል። ባለ ብዙ እርከኑ ከአንዱ ፍንጭ ወደ ሌላው ያዞራል። የእንቆቅልሽ ካሽ መገኛውን የሚሰጠው ጥያቄውን ለፈታ ብቻ ነው። የምድር ካሽ መያዣ የለውም፤ ጎብኚው ድንጋዩን ወይም ገደሉን አይቶ ስለ ሥነ ምድሩ ለቀረበለት ጥያቄ መልስ ይልካል። የእያንዳንዱ አስቸጋሪነትና የመንገዱ ክብደት ከ1 እስከ 5 በየግማሹ ይመዘናል። መንገዱ 1 ተብሎ ከተመዘነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሊደርስበት ይገባል። ይህን ቁጥር በግምት የሚሞላ ደባቂ ጥፋቱ ከስንፍና ያልፋል፤ ሰው አምኖት ከቤቱ ይወጣልና።

ፈላጊው ዘንድ ያለው ሥርዓት በአብዛኛው ያልተጻፈ ነው። የመጀመሪያው አለመታየት ነው። ጨዋታውን የማያውቅ መንገደኛ በተጫዋቾቹ አፍ ማግል ይባላል፤ ቃሉን የተዋሱት ጠንቋይ ያልሆኑትን ሰዎች እንዲህ ከሚጠራ የታወቀ የልጆች ልብ ወለድ ነው። ማግል ያየው ካሽ ዕድሜው አጭር ነው፣ የማወቅ ጉጉት ወይም ክፋት ይወስደዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ፈላጊ የጫማ ክር የሚያስር፣ ስልክ የሚያናግር ወይም ፎቶ የሚያነሳ መስሎ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከመጠን በላይ ሲደበቁ ደግሞ ይብሳል፤ አጥር ሥር አጎንብሶ ግራና ቀኝ የሚገላመጥ ጎልማሳ ቆሞ ከሚፈልገው ይልቅ ያጠራጥራል። የጥበቃ ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ከጠየቀ እውነቱን መናገር ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ በሳቅ ያልቃል፣ አንዳንዴም ጠያቂው አብሮ ይፈልጋል።

ሁለተኛው እንደነበረ መመለስ ነው። አዲስ ገቢዎች በቅንነት የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። “እዚያ ቢሆን ይሻላል” ብሎ መያዣውን ሁለት ክንድ ፈቀቅ የሚያደርግ ሰው ጥሩ የሠራ ይመስለዋል፤ ቀጣዩ ፈላጊ ደግሞ ሌላ ሁለት ክንድ ያንቀሳቅሰዋል፤ ከዓመት በኋላ ካሹ ከቁጥሩ ርቆ ይገኛል። የላላ ክዳንም እንዲሁ ነው። አንድ ዝናብ መዝገቡን ገንፎ ያደርገዋል። በውስጡ ካለው ዕቃ የወሰደ እኩል ዋጋ ያለው ወይም የተሻለ ይተካል፤ ልጆች የሚጓጉት ለዚህ ትንሽ ግብይት ስለሆነ፣ ጥሩውን አሻንጉሊት አንስቶ የአውቶቡስ ቲኬት የሚተው ሰው በማያውቀው ልጅ ላይ ነው የቀለደው። እስክሪብቶ ደግሞ ከራስ ይመጣል፤ ትንንሾቹ ካሾች ከወረቀት በቀር ምንም አይዙም።

ካሹ ካልተገኘስ? ግንብ አይፈረስም፣ ሥር አይነቀልም፣ አበባ አይረገጥም። ከሁሉ የሚነቀፈው ግን ፍለጋው የሰለቸው ሰው ከኪሱ አዲስ መያዣ አውጥቶ ጥሎ “አገኘሁ” ብሎ መፈረሙ ነው። ዋናው ካሽ እዚያው ተሰውሮ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ቦታ ሁለት መያዣና ሁለት መዝገብ ይኖራሉ፣ ደባቂውም የትኛውን እንደሚጠብቅ ይቸገራል። እርግጥ ደባቂው ፈቅዶ “እባክህ ተካልኝ” ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች በቡድን ወጥተው የሚሄዱበትን ዱርና የወንዝ ዳር ከቆሻሻ የሚያጸዱበት ልማድ አለ፤ ብዙዎቹ በአዘቦት ፍለጋም ፌስታል ይይዛሉ።

ደባቂ ምን ያገኛል? ገንዘብ የለም፣ ሽልማትም የለም። መያዣውን ገዝቶ፣ ቦታ መርጦ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሄዶ እያየ የሚያገኘው የፈላጊዎችን ቃል ብቻ ነው። የተጫዋቾቹ ጨዋነት በዋናነት የሚለካው በሚጽፉት ማስታወሻ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ለካሹ ምስጋና የሚል ትርጉም ያላት ቲኤፍቲሲ የተባለች የእንግሊዝኛ ምህጻር አለች፤ አራት ፊደል ናት። መኪና መንገድ ዳር ላለ፣ ማንም ላልደከመበት ካሽ ትበቃለች። ለሦስት ሳምንት የተደከመበት እንቆቅልሽ ሥር ብቻዋን ስትቀመጥ ግን ደረሰኝ እንደመቁረጥ ነው። በአንድ ቀን ሃምሳ ካሽ ያገኙ ሰዎች አንድ ጽሑፍ ገልብጠው ሃምሳው ላይ መለጠፋቸውም ደባቂዎችን ቅር ያሰኛል። ጥሩ ማስታወሻ ረጅም መሆን የለበትም። “ውሻዬ ቀድማኝ አገኘችው” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከገጽ ሙሉ ማመስገን ትበልጣለች።

አላገኘሁም ብሎ መጻፍም ወግ ነው። ዲኤንኤፍ ይሉታል። ብዙ ጀማሪ እንደ ውድቀት ያየውና ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች በተከታታይ አላገኘንም ካሉ ደባቂው ካሹ ሳይጠፋ እንዳልቀረ ገብቶት ሄዶ ያያል። ዝምታው ነው ጎጂው። በተቃራኒው ያገኘ ሰው ደስታው አስክሮት ምሥጢሩን እንዳያወጣ ይጠበቃል፤ “ሦስተኛው ድንጋይ ሥር” የሚል ማስታወሻ የቀጣዩን ሰው ቀን ያበላሻል። ደባቂው ራሱ የሚሰጠው ፍንጭ እንኳ በግልጽ አይነበብም። እያንዳንዱ የላቲን ፊደል በአሥራ ሦስት ደረጃ ተዛውሮ ይጻፋል፤ ማንበብ የፈለገ ፈቅዶ ይፈታዋል እንጂ ዓይኑ ድንገት አያርፍበትም። ቀላል ዘዴ ናት፣ ግን ጨዋነት አለባት።

ጭውውቱ የሚደምቀው ሁለት የማይተዋወቁ ፈላጊዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ሲገናኙ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ማግል መስለው ይቆማሉ። ከዚያ አንደኛው የሌላውን ስልክ ካርታ አይቶ ፈገግ ይላል። የሚተዋወቁት በቤተሰብ ስም ሳይሆን በተጫዋችነት ቅጽል ስማቸው ነው፤ ለዓመታት የአንዱን ማስታወሻ ሲያነብ የኖረ ሰው ባለቤቱን ሲያገኘው እንደ ድሮ ወዳጅ ያወራዋል። ወሬውም ያው ነው፦ የትኛው ካሽ አስለቀሰህ፣ የትኛውን እንቆቅልሽ ፈታህ፣ ማን ቀድሞ ደረሰ። አዲስ ካሽ ላይ መጀመሪያ መድረስ ትልቅ ክብር ስለሆነ ማታ የእጅ ባትሪ ይዘው የሚሮጡ አሉ፤ ሁለት ሰዎች እኩል ከደረሱ ስማቸውን ጎን ለጎን መጻፍ የተለመደ ነው። የተቸገረ ሰው ቀድሞ ያገኘ ወዳጁን ደውሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የእንቆቅልሹን መጨረሻ ነጥብ ዝርዝር እየገለበጡ ማሠራጨት ግን በደባቂዎች ዘንድ እንደ ክህደት ይቆጠራል።

ትልቁ የማያልቅ ክርክር በቁጥር ላይ ነው። አንዳንዱ ስንት እንዳገኘ ይቆጥራል፤ በየ161 ሜትሩ ካሽ የተደረደረባቸው ረጃጅም መንገዶች ለእሱ የተሠሩ ናቸው። ሌላው በዓመት አሥር ካሽ ይበቃዋል፣ ግን እያንዳንዱ ተራራ ጫፍ ላይ ይሁን ይላል። ከቤቱ ሳይወጣ “አገኘሁ” የሚል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እሱን በመንቀፍ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለድረ ገጹ የሚከፍሉ አባላት ለየአሥር ካሽ አንድ የምርጫ ነጥብ እያገኙ ለወደዱት ይሰጣሉ፤ ቁጥርን በጥራት ለማመዛዘን የተደረገ ሙከራ ነው፣ በመጠኑም ተሳክቷል።

ስብሰባዎችም በካሽነት ይመዘገባሉ። አንድ ስብሰባ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ከ500 ሰው በላይ ሲመጣበት ሜጋ፣ ከ5,000 በላይ ሲሆን ጊጋ ይባላል። የመጀመሪያው ጊጋ በ2014 በሙኒክ ተደረገ። እዚህ የሚበዛው የተጓዥ ዕቃዎች ልውውጥ ነው፤ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ምልክት የታሰረባቸው አሻንጉሊቶችና ሳንቲሞች ከካሽ ወደ ካሽ በፈላጊዎች እጅ ይጓዛሉ። ያነሳ ሰው ባለቤቱ የጻፈውን የጉዞ ግብ አይቶ ወደዚያው ያቀርበዋል እንጂ ቤቱ አያቆየውም፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ለባለቤቱ መልእክት መላክ ደግ ነው። ቁጥሩንም በፎቶ አያወጣም፤ ዕቃውን ያልነካ ሁሉ ነካሁ ይልበታልና። ብዙ ተጓዦች የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተረስተው ይቀራሉ። ርቀው የሄዱም አሉ፦ በ2008 የሕዋ ጎብኚው ሪቻርድ ጋሪዮት ዓለም አቀፉን የሕዋ ጣቢያ ካሽ አድርጎ አስመዘገበው፣ በ2013 የጠፈር ተጓዡ ሪክ ማስትራኪዮ ደርሶ ፈረመለት፤ በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ሮቦት ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስም መለኪያ ሰሌዳዋ ላይ እንደ ተጓዥ ዕቃዎቹ ያለ ቁጥር ይዛለች።

በቢቨርክሪክ የመጀመሪያው ባልዲ በነበረበት ቦታ ዛሬ መታሰቢያ ሰሌዳና ካሽ አለ። ባልዲው ባይኖርም የባቄላው ጣሳ ተርፏል። አሁን የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት በየስብሰባው ይዞራል፤ ሰዎችም ተሰልፈው ያዩታል፣ ይነኩታል፣ በስሙ ማስታወሻ ይጽፋሉ። ምግብ መሆኑን ግን ማንም አያነሳበትም።