ቀይ ብርሃን እና የልጆች ማዮፒያ

ማዮፒያ ያለበት ልጅ ደብተሩን አጥርቶ ያነባል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን ይደበዝዝበታል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ መርዘሙ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ላይ ማረፍ ሲገባው ከሬቲናው ቀድሞ ይገናኛል። መነጽር እይታውን ያጠራል እንጂ የኳሱን መርዘም አይገታም። አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ ርዝመት በመነጽሩ ቁጥር ላይ በግምት 2.5 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ይጨምራል። ቁጥሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ሬቲና ይሳሳል፤ ልጁ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ለሬቲና መላቀቅ፣ ለግላኮማና ለማኩላ (ለሬቲና መሐል) ጉዳት ይበልጥ ይጋለጣል። የዓይን ሐኪሞች ከመነጽሩ ቁጥር በተጨማሪ የዓይኑን ርዝመት በየጊዜው የሚለኩት ለዚህ ነው።

ብርሃን ከዚህ ጋር ግንኙነት እንዳለው በግልጽ የታየው መጀመሪያ በፀሐይ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሲድኒ ጥናት ከቤት ውጭ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉ ልጆች ማዮፒያ እንደሚያንሳቸው አሳየ። ቀጥሎ ጓንግዡ ውስጥ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ሙከራ ተደረገ። በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጪ ጊዜ ከተሰጣቸው ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ 30.4 በመቶው ማዮፒያ ያዛቸው፤ ካልተሰጣቸው ደግሞ 39.5 በመቶው። ታይዋንም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ከክፍል ውጭ እንዲያሳልፉ የሚያበረታታ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ዘርግታለች። ለዚህ የሚሰጠው ዋናው ማብራሪያ ደማቅ ብርሃን ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲመነጭ ያደርጋል፣ ዶፓሚኑም የዓይንን መርዘም ይገታል የሚል ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) አያልፍም፤ ፀሐያማ ቀን ላይ ግን ደጅ ያለው ከ10,000 ሉክስ በላይ ነው።

የቀይ ብርሃኑ ሕክምና የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ቻይና ውስጥ አንዱ ዓይን በልጅነት ሳይጎለብት ለሚቀርበት ለአምብሊዮፒያ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ኋላ ለማዮፒያ ዋሉ። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ በሁለቱ መመልከቻዎች ዓይኑን ሰክቶ 650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ቀይ ብርሃን ለ3 ደቂቃ ያያል። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቆ፣ በሳምንት 5 ቀን ይደግመዋል። የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ ጠብታ የለውም፣ ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስም የለውም። ወላጅ በቀላሉ የሚቀበለው ለዚህ ይመስለኛል።

ውጤቱ አስደናቂ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የቻይና ሙከራ ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን 264 ልጆች አካትቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ ብርሃኑን ያገኙት ልጆች ዓይን በአማካይ 0.13 ሚሊ ሜትር ሲረዝም፣ መነጽር ብቻ ያደረጉት 0.38 ሚሊ ሜትር ረዘመ። በአንዳንዶቹ ልጆች ዓይኑ ከመነሻው አጠር ብሎ ተለካ፤ ይህ በማዮፒያ ሕክምና ዘንድ እምብዛም የሚታይ አይደለም። ይሁንና መነጽር ብቻ ያደረጉት ልጆች ሕክምናውን የሚመስል ግን የማያክም የማስመሰያ መሣሪያ አልተሰጣቸውም፤ ቤተሰቦቹ የትኛው ልጅ እየታከመ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በሌላ የሻንጋይ ጥናት ብርሃኑ ማዮፒያ ገና ያልጀመራቸው ነገር ግን ሊጀምራቸው የተቃረበ ልጆች ላይ ተሞከረ። በአንድ ዓመት ውስጥ የያዛቸው 40.8 በመቶ ሆነ፤ ሕክምናውን ካላገኙት ደግሞ 61.3 በመቶ።

እንዴት እንደሚሠራ ግን አልተፈታም። ከብርሃኑ በኋላ ከሬቲና ጀርባ ያለው ደም ሥራማ ሽፋን፣ ኮሮይድ፣ ሲወፍር ይታያል፤ ደም ዝውውሩ ስለሚጨምር ነው የሚሉ አሉ። የእንስሳት ሙከራ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ በቀይ ብርሃን ያደጉ ዝንጀሮዎች ማዮፒያ ሲቀንስላቸው ጫጩቶች ግን ይብስባቸዋል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ከ360 እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ሐምራዊ ብርሃን እያጠኑ ነው፤ እሱ በምን መንገድ እንደሚሠራም የራሱ ክርክር አለው።

ሕክምናውን ማቋረጥም ችግር ያመጣል። 264 ልጆችን ባካተተው ሙከራ የሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ያቆሙት ልጆች ዓይን በሁለተኛው ዓመት 0.42 ሚሊ ሜትር ረዘመ፤ ይህም ሕክምናውን ጨርሶ ካላገኙት ልጆች ፍጥነት ይበልጣል። ስለዚህ የጀመረ ቤተሰብ ለዓመታት መቀጠል ሊኖርበት ነው፤ የቆየ አጠቃቀም ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን መረጃ ደግሞ ገና አጭር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሬቲና ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና መጽሔት ላይ የ12 ዓመት ልጅ ታሪክ ወጣ፤ ለ5 ወር ያህል ከተጠቀመች በኋላ የሁለቱም ዓይኖቿ እይታ ደከመ፣ በምስል ምርመራም የሬቲናዋ መሐል ተጎድቶ ተገኘ። ብርሃኑን ካቆመች በኋላ በከፊል ተሻላት። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሌዘር የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን ለኩ፤ የ3 ደቂቃው እይታ ለዓይን ከሚፈቀደው የብርሃን መጠን ጣሪያ እንደሚጠጋ ወይም እንደሚያልፍ አገኙ። ልጁ ብርሃኑን ሆን ብሎ፣ ዓይኑን ሳያዞር ነው የሚያየው፤ ድንገት ዓይን ላይ ለሚያርፍ ሌዘር የወጣው መለኪያ እዚህ አይበቃም። በጣም ጥሩ እይታ ያለው፣ መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ልጅ ላይ የሚሞከር ነገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የቻይና መንግሥትም እርምጃ ወስዷል። በሌዘር የሚሠሩት የማዮፒያ መሣሪያዎች ከፍተኛው ቁጥጥር በሚደረግበት በሦስተኛው የሕክምና መሣሪያ ምድብ ተመደቡ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህን ምድብ ምዝገባ ያላገኘ መሣሪያ ማምረትም ሆነ መሸጥ ተከለከለ።

ሕክምናው በሚሰጥበት ቦታ ጥንቁቅ ሐኪም አስቀድሞ የሬቲና ምስል ያነሳል፤ የሬቲና ችግር ያለበትን ልጅ አያስጀምርም፤ በየጥቂት ወሩም ምርመራውን ይደግማል። ከብርሃኑ በኋላ ዓይን ውስጥ የሚቀረው ጥላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ፣ ልጁ የማየት ኃይሉ ከቀነሰ ወይም ከፊቱ መሐል ላይ ጥቁር ነገር አየሁ ካለ መሣሪያው ወዲያው ይቆማል። በሌላ በኩል ዝቅተኛ መጠን ያለው የአትሮፒን ጠብታ፣ ሌሊት የሚደረገውና የዓይንን የፊት ገጽ ቅርጽ የሚያስተካክለው የኦርቶኬራቶሎጂ ሌንስና ለማዮፒያ ተብለው የተሠሩ መነጽሮች ረዘም ያለ የደኅንነት ታሪክ አላቸው። የውጪው ጊዜ ደግሞ ማዮፒያው ገና ላልጀመረው ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚመከር ነው፤ ከጀመረ በኋላ ፍጥነቱን ለመግታት ያለው ኃይል ግን ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው።