የሰፕሊመንቶች የጤና ተስፋ እንዴት ይመዘናል?

ሰፕሊመንት የሚባሉት ከዕለት ምግብ ላይ ተጨምረው የሚወሰዱ ቪታሚኖች፣ ማዕድናት፣ የዓሣ ዘይት፣ የዕፅዋት ውጤቶችና የመሳሰሉት ናቸው። በእንክብል፣ በዱቄት ወይም በጠብታ ይመጣሉ። አብዛኞቹ አንድ ነገር ቃል ይገባሉ፤ ልብ ይጠብቃል፣ አጥንት ያጠነክራል፣ ጉንፋን ያርቃል። ቃሉ እውነት መሆን አለመሆኑን መመዘን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምዘናው የሚጀምረው ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ግሥ ነው። «የመከላከል አቅምን ይደግፋል» እና «ጉንፋንን ይከላከላል» ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ሰውነት አሠራር ብቻ ያወራል። ሁለተኛው የበሽታ ስም ጠርቷል። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመጀመሪያውን ዓይነት አባባል ያለ ቅድመ ፈቃድ ይፈቅዳል። ነገር ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አባባሉን እንዳልገመገመው፣ ምርቱም በሽታን ለማከምም ሆነ ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ አብሮ መጻፍ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ጠበቅ ያለ ነው፤ አባባሉ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ይመረመራል። በ2012 የወጣው ዝርዝር 222 አባባሎችን ፈቀደ። ለምርመራ የቀረቡት ከ4,600 በላይ ነበሩ። የዕፅዋቱ ጉዳይ ግን ሳይወሰን ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆይቷል።

አባባሉ እውነት መሆኑን ለመፈተን ሰዎችን ከፋፍሎ የማወዳደሩ ነገር የቆየ ነው። በ1747 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ በስከርቪ፣ ማለትም በቪታሚን ሲ እጥረት በሚመጣ በሽታ፣ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ። ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለያየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ቀድመው ተነሱ። «ቪታሚን» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ በ1912 ነው።

ሙያውን የለወጠው ግን የቤታ ካሮቲን ታሪክ ነው፤ ይህ ካሮትን በመሳሰሉ አትክልቶች ውስጥ ያለ፣ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ነው። ፍራፍሬና አትክልት የሚያዘወትሩ፣ በደማቸውም ብዙ ቤታ ካሮቲን ያላቸው ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ ጥናቶች ደጋግመው አሳዩ። ስለዚህ እንክብሉን መስጠት ይጠቅማል ተብሎ ታሰበ። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተመደቡ። አንዳንዱ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን፣ አንዳንዱ ቪታሚን ኢ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ወሰደ። የቀሩት የወሰዱት ፕላሴቦ ነው፤ መልኩ ያው የሆነ፣ ውስጡ መድኃኒት የሌለው ክኒን። ማን ምን እንደሚውጥ ተሳታፊውም ተመራማሪውም አያውቅም። ከ5 እስከ 8 ዓመት ተከታተሏቸው።

ውጤቱ በ1994 ወጣ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ በ18,314 ሰዎች ላይ የተካሄደው ሌላ ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲንን ከቪታሚን ኤ ጋር የሰጠው፣ በ1996 መጀመሪያ ላይ ጊዜው ሳይደርስ ቆመ። እዚያም የሳንባ ካንሰሩ 28 በመቶ በልጦ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያልጠበቁትን ውጤት እንዳለ አወጡት። ይህም ሙያው ሊኮራበት የሚገባ ነገር ነው። የቀደሙት ጥናቶች ያሳሳቱት አትክልት የሚበላ ሰው በሌላም ነገር ከማይበላው ስለሚለይ ይሆናል፤ ምናልባት ያነሰ ያጨሳል፣ ምናልባት የተሻለ ኑሮ ይኖራል። ዕጣው ይህን ልዩነት ለሁለቱም ወገን እኩል ያካፍላል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተስፋዎች በዚሁ ሚዛን አልፈዋል። በዕለት ተዕለት የሚወሰድ ቪታሚን ሲ አብዛኛውን ሰው ከጉንፋን አላዳነም። ይሁንና የበሽታውን ቆይታ በአዋቂዎች ላይ በ8 በመቶ ገደማ አሳጥሯል። ሰባት ቀን የሚቆይ ጉንፋን ላይ ይህ ግማሽ ቀን ያህል ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የቪታሚን ዲና የኦሜጋ 3 (በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) ሙከራ በ2018 ይፋ ሲሆን፣ ካንሰርንም ሆነ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር ችግሮችን በአጠቃላይ እንዳልቀነሱ አሳየ። ተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የቪታሚን ዲ እጥረት እንዳልነበረባቸው መዘንጋት የለበትም። የጎደለውን መሙላትና የሞላ ላይ መጨመር ለየቅል ናቸው።

በተቃራኒው ከቢ ቪታሚኖች አንዱ የሆነው ፎሊክ አሲድ ፈተናውን በደንብ አልፏል። ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦ ክፍተት (የፅንሱ አንጎል ወይም አከርካሪ በትክክል ሳይዘጋ የሚቀርበት ችግር) ያለበት ልጅ ያረገዙ ሴቶች ላይ በተካሄደ ሙከራ፣ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። ውጤቱ በ1991 ታተመ። ጡንቻ ለኃይል የሚጠቀምበት ክሬአቲንም አጭርና ከባድ እንቅስቃሴ ለሚሠሩ ሰዎች ጥቅሙ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

ሌላው ጥያቄ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ነው። አንዳንድ ገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ይዘቱን መርምረው ማኅተም ይሰጣሉ። ማኅተሙ የሚናገረው የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን መኖሩን ነው። ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

የማይጠቅም ሁሉ የማይጎዳ አይደለም። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲን የተባለው ቪታሚን በብዛት ከተወሰደ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያዛባል። ድንገተኛ የልብ ሕመምን ለመለየት የሚረዳው የትሮፖኒን ምርመራም አንዱ ነው፤ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት የተሳሳተ ውጤት ያገኘ አንድ ታካሚ መሞቱ ከተነገረው በኋላ ነው።