«ሥልጠና ቢሰጣቸው ይለምዱታል»፦ ስለ ሶፍትዌር ዲዛይን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ውስብስብ ሶፍትዌሮችን ለተጠቃሚ ምቹ በማድረግ ሥራ 14 ዓመት አሳልፌያለሁ። በእነዚህ ዓመታት «ሲስተሙ ደህና ነው፤ ሠራተኞቹ ሥልጠና ቢሰጣቸው ይለምዱታል» ሲባል ሳልሰማ የወጣሁበት ስብሰባ ጥቂት ነው። ይህን አባባል በሰፊው ማረም ስለምፈልግ ሌሎቹን በአጭሩ ላስቀድም።

ዲዛይነር ስክሪን የሚያስውብ ባለሙያ ነው መባሉ ስሕተት ነው፤ ቀለም መምረጥ የሥራዬ ትንሹ ክፍል ነው።

ማቅለል ማለት ቁልፍ መቀነስ ነው የሚለውም አያስኬድም። ሠራተኛው በቀን መቶ ጊዜ የሚጫነውን ቁልፍ፣ ስክሪኑ ንጹሕ እንዲመስል ብሎ ከሦስት ገጽ ኋላ የደበቀ ሰው ሥራውን አከበደው እንጂ አላቀለለውም።

እንቅፋቶችን ለማግኘት ሺህ ሰው መጠየቅ ያሻል የሚሉም አሉ። የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰን እና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፣ ጥቂት ሰዎች ሲሠሩ መመልከት አብዛኛውን ችግር ያወጣል፤ ኒልሰን ኋላ ላይ 5 ሰው ይበቃል ብሏል።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ከመዝጋቢዋ ወንበር ጀርባ ሁለት ቀን ተቀምጬ ዋልሁ። ሶፍትዌሩ የልደት ቀን የሚቀበለው በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ነበር። በመስኮቱ የቆመች እናት «ጥቅምት 5፣ 2010» ስትል፣ መዝጋቢዋ በስክሪኑ ጠርዝ በፕላስተር ወደ ለጠፈችው ወረቀት ዓይኗን ትልካለች፤ በእጅ ጽሕፈቷ «እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ደምሪ» ይላል። ሰልፉ ሲረዝም ግን ሳትደምር 5/2/2010 ብላ አስገባችው፤ የ4 ዓመቱ ሕፃንም በመዝገቡ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ሆነ። ስጠይቃት «ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ሠልጥኛለሁ። ይህን ሁሉ ሰው አስቁሜ ስደምር ልዋል?» አለችኝ።

ቅጹ ጳጉሜንን ጨምሮ 13ቱን ወራት እንዲቀበልና ስሌቱን ራሱ እንዲሠራ፣ ቀኑን ለማያውቅ ሰው ግምታዊ ዕድሜ እንዲበቃ፣ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ፈንታም የአባትና የአያት ስም እንዲገባ አደረግን። ከወር በኋላ ስመለስ ወረቀቱ ተነሥቶ የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ጉዳዩ የእኛ አገር ሠራተኛ ድክመት የሚመስለው ካለ፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በአሜሪካው ሲቲባንክ ላይ የደረሰውን ያስታውስ። ባንኩ ለመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ኩባንያ ለሬቭሎን አበዳሪዎች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ሊከፍል አስቦ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ላከ። ዋናው ብድር ከባንኩ እንዳይወጣ በሶፍትዌሩ ስክሪን ላይ ሦስት ሣጥኖች መሞላት ሲገባቸው የተሞላው አንዱ ብቻ ነበር፤ ክፍያውን ያዩትና ያጸደቁት ሦስት ሰዎችም ሣጥኑ ምን እንደሚያደርግ የተረዱት በተመሳሳይ የተሳሳተ መንገድ ነው። እነዚህን ሰዎች ሥልጠና አነሳቸው ሊባል አይችልም።

በሙያው ጀማሪ የሆናችሁ፣ ፊግማን (የስክሪን ዲዛይን መሥሪያውን ሶፍትዌር) ከመክፈታችሁ በፊት ከሠራተኛው ጀርባ ተቀመጡ። በስክሪኑ ዙሪያ የተለጠፈውን ወረቀትና በመሳቢያ ያለውን ማስታወሻ እንዲያሳያችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ሶፍትዌሩ በሰው ትከሻ ላይ የጣለው ሥራ በሙሉ እዚያ ተጽፏል። ሰኞ ጠዋት ሂዱ፤ ሰልፉ የሚረዝመው ያን ጊዜ ነው።