የመጥለቂያ ደወል ምንድን ነው?

ሳፋ ውስጥ ውሃ ሙሉ። ብርጭቆ ውስጥ ሶፍት ወትፉና ገልብጣችሁ፣ ሳታጋድሉ ወደ ውሃው ተጫኑት። መልሳችሁ ስታወጡት ሶፍቱ ደረቅ ነው። አየሩ መውጫ ስላጣ ውሃውን አላስገባም ብሏል።

የመጥለቂያ ደወል ይኸው ነው። ብርጭቆውን ሰው የሚያስቆም ያህል አሳድጉት፣ እንዳይንሳፈፍ አክብዱት፣ በገመድ ወደ ባሕር አውርዱት። ጠላቂው ውስጡ ሆኖ ይተነፍሳል። ከሥር ክፍት ስለሆነ ደግሞ እጁን ሰድዶ ይሠራል።

በዚህ ቀላል ነገር የተሠራው ሥራ ግን ለማመን ይከብዳል። ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ፣ ገና በመጀመሪያ ጉዞው ሰጠመ። በ1664 እና 1665 ጠላቂዎች በደወል ከ30 ሜትር በላይ እየወረዱ ከ64 መድፎቹ ከ50 በላይ የሚሆኑትን አወጡ። አንዳንዱ መድፍ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል! መብራት የለ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር የለ። በዚያ ቀዝቃዛ ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ነው።

ችግሩ ውሃው አየሩን መጭመቁ ነው። 10 ሜትር ላይ አየሩ በግማሽ ያንሳል። 30 ሜትር ላይ ሩቡ ብቻ ይቀራል፤ የቀረውን የደወሉን ክፍል ውሃ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ያቺኑ አየር ደጋግሞ መተንፈስ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲበዛ ራስ ያዞራል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

መላ ካመጡት አንዱ እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ ነው፤ አዎ፣ ያ የጅራታሙ ኮከብ ሃሌይ። በ1690ዎቹ አየር የያዙ በርሜሎችን እያስወረደ ደወሉን በቆዳ ቱቦ ይሞላው ነበር። እሱና አራት ሰዎች 18 ሜትር ገደማ ወርደው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆይተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ አየሩን በፓምፕ መላክ ተጀመረና በርሜሉ ቀረ።

ዛሬ ለጥልቅ ባሕር ሥራ የሚያገለግለው ደወል የሚዘጋ የብረት ክፍል ነው። በተለይ በባሕር ነዳጅ ማውጫዎች አካባቢ ጠላቂዎችን ያመላልሳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ናይጄሪያ አቅራቢያ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ 30 ሜትር ገደማ ሰጠመች። የጀልባዋ ምግብ አብሳይ ሃሪሰን ኦኬኔ ውስጧ በታፈነች አየር ወደ 60 ሰዓት ያህል በሕይወት ቆየ። የተገለበጠችው ጀልባ ራሷ ደወል ሆነችለት። አስከሬን ፍለጋ የወረዱት ጠላቂዎች ሲያገኙት ወደ ላይ ያወጡት በእውነተኛው ደወል ነው። ሰውነቱ ግፊቱን ስለለመደ ግን ወዲያው ንጹሕ አየር አላገኘም። ግፊቱ ቀስ በቀስ በሚቀነስበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሁለት ቀን ያህል ቆየ።