በሀዋሳ የታዳጊዎች የተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና

የተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና ታካሚው አልጋ ሳይዝ፣ ከቤቱና ከትምህርቱ ሳይለይ በቀጠሮ የሚከታተለው ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ታዳጊዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ተኝተው መታከም አያስፈልጋቸውም።

በሀዋሳ አገልግሎቱን ከሚሰጡት ዋነኛው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከሲዳማ ወረዳዎችም ሆነ ከአጎራባች አካባቢዎች ታካሚዎች ይመጡበታል። በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶች ጥቂት በመሆናቸው የዕለት ተዕለቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከሙት የአእምሮ ጤና ነርሶችና በዘርፉ በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችም በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚታከሙት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሆነ፣ ወረፋው የክፍሉ ስም ከሚያመለክተው የሰፋ ነው።

የታዳጊ ሕክምና ከአዋቂ የሚለየው ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ነው። ልጁን ይዘው የሚመጡት ወላጆች ናቸው፤ ልጁ ሲጠየቅም ቀድመው የሚመልሱት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው፦ «እንቅልፍ የለውም፣ ከሰው ጋር አይቀላቀልም፣ ውጤቱም ወርዷል።» ይህ መረጃ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ስለ ጫት፣ ስለ ፍቅር፣ በቤት ስለሚደርስ ድብደባ ወይም ስለ ሞት ሐሳብ ልጁ በወላጁ ፊት አይናገርም። ስለዚህ ባለሙያው «እናት፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ይላል፤ የሚነገረው በምስጢር እንደሚያዝ፣ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ከተገኘ ግን ለቤተሰብ እንደሚነገር ለልጁ አስቀድሞ ይገልጽለታል። ችግሩ የሚከብደው ከሁላ ወይም ከአለታ ወንዶ የመጣ፣ ሲዳምኛ ብቻ በደንብ የሚናገር ልጅ አማርኛ ብቻ ከሚያውቅ ባለሙያ ፊት ሲቀመጥ ነው። አስተርጓሚው አባቱ ከሆነ ልጁን ለብቻው ማነጋገር ትርጉም ያጣል፤ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ መፈለግ ጊዜ ቢወስድም የሚያዋጣው እርሱ ነው።

ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ መጀመሪያ የሚመረጠው የንግግር ሕክምና፣ ከቤተሰብና ከትምህርት ቤት ጋር መሥራትም ጭምር ነው። መድኃኒት ሲያስፈልግ ለዚህ ዕድሜ በተሻለ ማስረጃ የተደገፈው ፍሉኦክሰቲን ሲሆን፣ እንቅልፍ እንዳይረብሽ ጠዋት ይወሰዳል። በአዋቂዎች ዘንድ የተለመደው አሚትሪፕትሊን ለታዳጊዎች ድባቴ አይመከርም። ፍሉኦክሰቲን ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ «አልሠራለትም» ተብሎ ቶሎ የሚቋረጠው በዚሁ ጊዜ ነው። የድባቴ መድኃኒቶች በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ስላስጠነቀቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ ታካሚው ከሩቅ ወረዳ ሲመጣ ይህ ለቤተሰቡ የትራንስፖርት ወጪና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ነው።

ብዙ ቤተሰቦች ከሆስፒታሉ በፊት ወይም ጎን ለጎን ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ልጁ እስካልታሰረ፣ እስካልተመታና መድኃኒቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ባለሙያው ከእምነቱ ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለም፤ መጣላቱ የሚያተርፈው የቀረ ቀጠሮ ብቻ ነው።

ራሱን የማጥፋት ዕቅድ ያለው፣ ምግብና ውሃ የተወ ወይም ከእውነታው ተለይቶ ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ልጅ በተመላላሽ አይያዝም፤ ተኝቶ እንዲታከም ይደረጋል። መድኃኒት ወስዶ የተሻለው ልጅ ደግሞ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም መድኃኒቱን ቢያንስ ለስድስት ወር ቀጥሎ፣ በሐኪም ክትትል መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያቆማል።